ስለማያቋርጥ የጆሮ ጩኸት፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን ሕመም እንዴት ልንሸከም እንደሚገባን

ወዳጄ ሆይ፤ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቍስል የያዘው ሰው ቍስሉን ያሳያል፤ ወባ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ እግሩ የተሰበረውም ምርኵዙ ይመሰክርለታል። ዳሩ ግን ምስክር የሌለው ሕመም አለ። ይኸውም ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር በጆሮ ወይም በራስ ውስጥ ሌትና ቀን የሚሰማ ጩኸት ነው። ለአንዱ እንደ ፉጨት፥ ለአንዱ እንደ ወንዝ ድምፅ፥ ለአንዱም በሩቅ እንደሚዞር ወፍጮ ሆኖ ይሰማዋል። የአገራችን ሰው «ጆሮዬ ጭው ይላል» የሚለው ይህንን ነው። መጥቶ ወዲያው ቢሄድ ማንም ከቁም ነገር አይቈጥረውም። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ተቀምጦ ይቀራል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም እየበረታ ይሄዳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰው ሊያስወግደው የማይችለውን፥ ጎረቤቱም ሊሰማለት የማይችለውን ሕመም እንዴት አድርጎ ይሸከመው? መታገሥ ማለትስ ዝም ማለት ነውን? ይህ የሐኪም ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጠባይም ጥያቄ ነው። ሕመሙ ሲበረታ የሚፈተነው ጆሮ ብቻ አይደለምና፤ የቤተ ሰብ ፍቅር፥ የሥራ ትጋት፥ የእንቅልፍ ሰላም፥ የአንደበትም ልዝብነት አብረው ይፈተናሉ። የሚፈተነውም ሰው ጥቂት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የታተመ ጥናት በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች ይህ ጩኸት እንደሚሰማቸው፥ ከእነርሱም ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እንደ ከባድ ችግር እንደሚያዩት ገምቶአል።

አንደኛ፤ የነገሩን ምንጭ እንወቅ። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል፥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለ ስፍራ፥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ የሚያህሉ ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ እነርሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ጆሮ ውስጥ ተመልሰው አይበቅሉም። መልእክት በቀነሰበት ጊዜ አንጎል የቀረውን ለመስማት ይተጋል። ራዲዮ የያዘ ሰው ጣቢያው ሲርቅበት ድምፁን ከፍ ቢያደርግ የሚሰማው ሹሹታውን እንደ ሆነ፥ እንዲሁ አንጎልም ሲተጋ የራሱን ሹሹታ ይሰማል። ብዙ ሊቃውንት የጩኸቱን አወላለድ በዚህ መንገድ ያስረዳሉ። ስለዚህ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጉዳት ቢጀምርም የሚኖረው በአንጎል ውስጥ ነው።

በቢቸናና በሞጣ የሚኖር ሰው ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሞተር የሚዞር ወፍጮ ካለበት ቤት እህል ይዞ የመጣው ሰው አስፈጭቶ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ በዚያ ይውላል። ሊቃውንት 85 ዴሲቤል የሚያህል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት ጆሮን ይጎዳል ይላሉ፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥርም ሳይጎዱ ሊሰሙት የሚቻለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የጠመንጃ ተኩስ ደግሞ ከ140 ዴሲቤል ያልፋልና አንድ ጊዜ እንኳ ጆሮን ሊያቈስል ይችላል። ምሥራቅ ጎጃም የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ ጠመንጃም በዚያ የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሮአል፤ ለጠላት ብቻ ሳይሆን ለሠርግና ለልቅሶም ይተኰሳል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነትም ወደ ጎጃም ከተሞች ደርሶ በቤቱ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ የተኩስን ድምፅ አሰምቶአል። በጦርነት የሚቈጠረው የሞተውና የቈሰለው ነው፤ ጩኸቱን በጆሮው ይዞ የተመለሰውን ግን ማንም አይቈጥረውም።

ከዚህም ሌላ እርጅና፥ ጆሮን የደፈነ ኩክ፥ የጆሮ መግልም ምክንያት ይሆናሉ። አንዳንድ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ለያዘው ሰው ይሰጥ የነበረው ኩይኒን፥ ለሳንባ ነቀርሳ ይወጋ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፥ ዛሬም በየሐኪም ቤቱ የሚገኘው ጄንታማይሲን ጆሮን ሊያስጮኹ ይችላሉ። ነገር ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጩኸት ቢሰማው ለሐኪሙ ፈጥኖ ይንገር እንጂ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ጆሮውን ለማዳን ብሎ ሕይወቱን እንዳያጠፋ።

ሁለተኛ፤ ከማይጠቅም ትርጓሜ እንራቅ። ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ነገር ሳይተረጕም አያድርም። ከእኛ መካከል ጆሮው ጭው ሲል «ሰው ስሜን አንሥቶ እያማኝ ነው» የሚል አለ። ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ሲሆን ይህ እንደ ቀልድ ያልፋል። በማይለቅ ጊዜ ግን መርዝ ይሆናል፤ ሌትና ቀን ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ሌትና ቀን የሚያሙትን ሰዎች ሲፈልግ ይኖራልና። ሌላው ደግሞ ርኵስ መንፈስ ያዘኝ፥ ወይም ላብድ ነው ብሎ ይሸበራል። ፉጨትና ሹሹታ ግን ቃል የላቸውም፤ አይሳደቡም፥ አያዝዙም። የሚናገርና የሚያዝዝ ድምፅ የሚሰማው ሰው ቢኖር ያ ሌላ ሕመም ነው፤ እርሱም ሕክምና ያለው ነውና ሳያፍር ለሐኪም ይንገር።

በዚህ ነገር ታላላቅ ሰዎችም ተቸግረዋል። ማርቲን ሉተርን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1527 ከባድ የጆሮ ጩኸት ያዘው። በ1530 በኮቡርግ ምሽግ ተቀምጦ ሳለ ጩኸቱ ተመልሶ እጅግ ስለ በረታበት ማንበብና መጻፍ የማይችልባቸው ቀኖች ነበሩ። እርሱም የሰይጣን ጥቃት አድርጎ ያስበው ነበር። ብዙ ሐኪሞች ግን ፕሮስፔር ሜኒዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1861 የገለጸው የውስጥ ጆሮ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ሊቅም ቢሆን የሕመሙን ምንጭ ላያውቅ ይችላል። ዳሩ ግን በዚያው ወራት የነቢያትን መጻሕፍት ወደ ጀርመንኛ መተርጐሙን አልተወም። ሲከብደው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሲቀልለት ደግሞ አነሣው። ከእርሱ የምንማረው ስለ ጩኸቱ ያሰበውን ሳይሆን ከጩኸቱ ጋራ ያደረገውን ነው።

ሦስተኛ፤ ጩኸቱና ሥቃዩ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እናስተውል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የታተመ አንድ ምርመራ ነበር። ጆሮአቸው ደኅና የሆነ 80 ሰዎች እያንዳንዳቸው ድምፅ በማይገባበት ክፍል ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ፤ የሰሙትንም እንዲናገሩ ተጠየቁ። ከመቶው 94ቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ። ከዚህ እንደምናየው ፍጹም ጸጥታ ለጤነኛውም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጩኸት ቢሰሙ አንዱ ሥራውን ይሠራል፥ አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ይቅበዘበዛል። ስለ ምን? የግቢ ውሻን ተመልከት። እንግዳ ሰው ሲመጣ ይጮኻል፤ ጌታውም ደንግጦ ድንጋይና ዱላ ቢያነሣ ውሻው አብዝቶ ይጮኻል። እንግዳውን በእርጋታ ተቀብለው ቢያስቀምጡት ግን ውሻው አንድ ጊዜ አሽትቶት ይተኛል። አንጎልም እንዲህ ነው። ጩኸቱን እንደ ጠላት ባየው መጠን ይጠብቀዋል፤ በጠበቀውም መጠን ይሰማዋል። ከጮቄ ተራራ በሚወርዱት በሙጋና በሱሃ ወንዞች አጠገብ የሚኖር ሰው የወንዙን ድምፅ የማይሰማው ወንዙ ዝም ስላለ አይደለም፤ ከዚያ የሚመጣበት ክፉ ነገር እንደሌለ ልቡ ስለ ተረዳው ነው።

ይህም እንዲያው ማጽናኛ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ሊቃውንት 2,733 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 28 ጥናቶች መርምረው፥ ሐሳብንና ልማድን በማረም የሚደረገው የምክር ሕክምና ጩኸቱ በሰው ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንደሚያቀልል አግኝተዋል። ጩኸቱ ራሱ በዚህ ሕክምና ይቀንሳል አላሉም። የጆሮ ጩኸትን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስለዚህ «በሦስት ቀን አጠፋልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ገንዘብህን አትስጥ።

አራተኛ፤ የታመመው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ምንድር ነው? ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለምና አስቀድሞ ይመርመር። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ፤ ነገሩ ከዚያ ካለፈ ደብረ ማርቆስ፥ ከዚያም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ። ምናልባት ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በአንድ ቀን ይወጣል። የመስማት ኀይሉ የደከመበት ሰው የመስሚያ መሣሪያ ቢያገኝ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ስለሚጨምርለት ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ይለዝብለታል። መስማቱ በድንገት የጠፋበት፥ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ የሆነበት፥ ወይም እንደ ልብ ትርታ የሚመታበት ሰው ግን ሳይዘገይ ይሂድ፤ በድንገት ለጠፋ መስማት ሕክምናው የሚረዳው በቶሎ ሲጀመር ነው። በጆሮ ውስጥ ዘይት፥ የቅጠል ጭማቂ ወይም እንጨት መክተት አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ፍጹም ጸጥታን አለመፈለግ ነው። በክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ቤት ላይ ሲወርድ ጆሮው የሚጮኽበት ሰው ዕረፍት ያገኛል፤ በበጋ ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል ግን ጩኸቱ ብቻውን ይነግሣል። ዣን ኢታር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ የውስጡን ጩኸት በውጭ ድምፅ መሸፈን እንደሚጠቅም ጽፎአል። ዛሬም በራዲዮ ወይም በእጅ ስልክ የዝናብ ወይም የወንዝ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ከፍቶ መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። በወፍጮ ቤት የሚሠራም ጆሮውን በመከላከያ ይሸፍን፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ያውልቀው። የቀረውን መስማት መጠበቅ ጩኸቱ እንዳይበረታ ከሚረዱት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ሦስተኛው ነገር መናገር ነው። ሙዚቀኛው ቤትሆቨን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1801 ለወዳጁ ለሐኪሙ ለቬግለር ሲጽፍ ጆሮው ሌትና ቀን እንደሚጮኽበት፥ ሰዎች መስማቱ እንደ ደከመ እንዳያውቁበትም ወደ ሁለት ዓመት ያህል ከማኅበር እንደ ራቀ ገልጦለታል። ሕመሙን ስለ ደበቀ ሰዎች ኩሩና ቍጡ አድርገው ቈጠሩት። እርሱ በ1824 ዘጠነኛውን ሲምፎኒ እስከ ማሰማት ደረሰ፤ መደበቁ ግን ሕመሙን አላቀለለለትም፥ ብቸኝነትን ጨመረበት እንጂ። የእኛም አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እንግዲህ መታገሥ ዝም ማለት አይደለም። ለሚስት፥ ለባል፥ ለወዳጅ አንድ ጊዜ በግልጥ መንገር ይገባል፤ በየሰዓቱ ማንሣት ግን ጩኸቱን በማዕድ ላይ እንደ ማስቀመጥ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ጎረቤት ሊያደርገው የሚገባው ምንድር ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ማመን ነው። ሰው «ያመኛል» ሲል ምልክቱን ስላላየን «የሐሳብ ነው» ማለት ፍርድ ማጣመም ነው። በፍርድ ቤት ምስክር የሌለው ነገር ይወድቃል፤ በፍቅር ዘንድ ግን የታመመው ቃል በቂ ምስክር ነው። ደግሞም «ዕውር ከሆነው አንተ ትሻላለህ» ብለን አናጽናናው፤ የሌላው መከራ ብዛት የዚህን መከራ አይቀንሰውምና። ሲናገር ፊታችንን ወደ እርሱ እንመልስ፤ ደጋግሞ «ምን አልህ?» ቢል አንቈጣ፤ ለደስታም ብለን በጆሮው አጠገብ አንተኵስ።

ምናልባት አንድ ሰው «ጩኸቱ በየዓመቱ የሚብስበት ሰውስ? ይህን ተቀበል ማለት ተስፋ ቍረጥ ማለት አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ተስፋ የቈረጠ ሰው «ጩኸቱ አለ፤ ስለዚህ ኑሮ የለም» ይላል። የተቀበለ ሰው ግን «ጩኸቱ አለ፤ ኑሮም አለ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ታላቅ ነው። ለተቀበለውም ሰው ቢሆን ቀኑ ሁሉ አንድ አይሆንም፤ የሚሸነፍበት ሌሊት ይኖራል፥ ባልተኛበትም ማግስት ጩኸቱ ይበረታል። አንድ ሌሊት ስለ ተሸነፈ ግን ኑሮው ሁሉ አልተሸነፈም። ጨለማው በርትቶበት መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ብቻውን አይደር፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ይንገር፥ ሐኪምም ዘንድ ይወሰድ። ይህ ውርደት አይደለም።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ ጆሮህ የሚጮኽ ቢሆን ይህን ያዝ። የጩኸቱ መምጣትና መብዛት በእጅህ አይደለም። ጌታ ሆኖ ቤትህን እንዲያዝዝ መፍቀድና አለመፍቀድ ግን፥ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፥ በእጅህ ነው። ጆሮህ ደኅና ቢሆን ደግሞ ሌላ ሥራ አለህ። የማትሰማውን ጩኸት የሚሰማ ሰው በአጠገብህ ቢኖር እመነው፤ እርሱ ጸጥታ አጥቶአልና አንተ ደግሞ ወዳጅ አታሳጣው።