ዝም አይነቅዝም?

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በተከራየንበት ግቢ እንጀራ ጋግረው በሚሸጡ እናት ላይ የደረሰው ነገር ነው። ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው በሌሊት ተሰረቀ። እኛ ሦስታችን ለፈተና ስናጠና አምሽተን ነበርና አንድ ወጣት ከባድ ነገር በጆንያ ጠቅልሎ በግቢው በር ሲወጣ በመስኮት አየነው። አወቅነውም፤ የባለሱቁ ልጅ ነው። ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቀን ግን «ተኝተን ነበር» አልን። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?

ለምን ዋሸን? እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ አፋችን ላይ ቀድሞ የመጣው ትልልቁ ቃል ነው፤ ርኅራኄ፣ ጉርብትና፣ የልጁ የወደፊት ሕይወት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ባለሱቁ ዘንድ የዱቤ ደብተር አለን። ወር እስኪሞላ ዳቦውም ስኳሩም ከሱ ነው። ርኅራኄያችን እኮ የስኳር ነበረች!

በርግጥ «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በአገራችን የሚያስፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በጥቆማ ከቤቱ ተወስዶ የቀረው ወጣት ብዙ ነው። ያንን ያየ ወላጅ ልጁን «አላየሁም፣ አልሰማሁም በል» ብሎ ቢያሳድግ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ያኔ ብዙው ሰው የተጠቆመው በሐሳቡ፣ ወይም አስቧል ተብሎ ነው። ምጣድ ተሸክሞ መውጣት ሐሳብ አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ዝም ማለት ለኛ የተመቸ ስሕተት ነው።

ቀደም ሲል በገጠር የነበረው አውጫጭኝ ሌላ መልክ ነበረው። ከብት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም፤ ካልወጣም ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። ንጹሑን ያስቀጣል፣ ይመለስ አንልም። ሆኖም የዝምታን ዋጋ ዝም ያለው ራሱ ይከፍል ነበር።

የኛንስ ማን ከፈለው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያቃጥለን። ሰፈሩ ሁሉ «አላየሁም» ሲል አንድ ሰው ግን ተጠቆመ፤ ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ ከግቢያችን ጀርባ የተጠጋ ልጅ። ሲሰርቅ ያየው የለም። «ፀጉረ ልውጥ ነው፣ አምሽቶ ይገባል» ተባለ፤ በቃ። ሦስት ቀን ታስሮ ማስረጃ ሲታጣ ተለቀቀ። ለካ ሰፈራችን መጠቆም አይጠላም፤ የሚጠላው የሚያውቀውን ሰው መጠቆም ነው። እኛም አንድ ቃል ሳንተነፍስ ያንን ልጅ ጠቁመናል።

ሕጉስ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው ወንጀል መሠራቱን የማመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በጥቅሉ መብት እንጂ ግዴታ አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ አለማስታወቅን በመሠረቱ የሚቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ሳንጠየቅ ሄደን ስለ ምጣድ እንድናመለክት የሚያስገድደን የለም።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው፤ ያየነውን በስማችን እንናገራለን፤ ያላየነውን፣ ማለትም የሰውን ልብስ፣ አነጋገርና የመጣበትን አገር፣ እንደ ወንጀል አንቆጥርም። ከሦስታችን አንዱ አሁንም «ለአባቱ ብቻ እንንገር» ባይ ነው፤ አልተስማማንም።

ትናንት ማታ ለእማማ ነገርናቸው። እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡንና «ያ የሰው ልጅ ታስሮ ሲያድር ታዲያ የት ነበራችሁ፣ ልጆቼ?» አሉን። ስለ ምጣዱ ምንም አልጠየቁንም።