የሞቀ ውሃ ዕዳ

የአዲስ አበባ ክረምት ገላ መታጠብን ከልማድነት አውጥቶ ውሳኔ ያደርገዋል። ነሐሴ ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የቤቴ ቦይለር ሥራ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው ክዳኑን ፈታና ማሞቂያ ዘንጉን መዝዞ አወጣው፤ ነጭ ቅርፊት ለብሷል።

«ጋሼ፣ ውሃው ያመጣው ኖራ ነው» አለኝ። «በየጊዜው ካልተጠረገ ሙቀቱን አላሳልፍ ብሎ ዘንጉን ያቃጥለዋል። ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ማብሪያውን ያጥፉት፤ ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው በባዶው እየጋለ ነው።»

እሱ ቅርፊቱን ሲፍቅ አዋሽ አርባ ያደርኩበት ቀን ትዝ አለኝ። እዚያ ቦይለር የሚባል ነገር ማንም አያስበውም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል፣ ከሰዓት በኋላ ቧንቧ የከፈተ ሰው እጁን ይሰበስባል። ያሳደሩኝ እናት ለቀን የሚሆነውን ውሃ የሚቀዱት ሌሊት ነበር፤ እንዲበርድ። «እናንተ ዘንድ ሙቅ ውሃ በገንዘብ ነው አሉ» ብለው ሳቁብኝ። «እኛ ደግሞ የምንገዛው በረዶ ነው።»

ያን ጊዜ አብሬ ስቄ አለፍኩ። አሁን ግን ሒሳብ መሥራት አማረኝ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ያስፈልጋል። ይህን ጉልበት ከ40 ሜትር ከፍታ ከሚወርድ ውሃ እናግኝ ብንል፣ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ 24 ሜትር ኩብ መውረድ አለበት። ሃያ አራት ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ማለት ነው፣ ለአንድ ቦይለር!

ዛሬ መብራታችን ከጊቤም ከአባይም ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. ግን ቆቃ ሲመረቅ ለከተማው ብርሃንና ሙቀት የሰጠው አዋሽ ነበር። ስለ አባይ ስንዘፍን ከአገር የማይወጣውን ወንዝ ረሳነው። ግድቡ የክረምቱን ሙላት ይዞ ዓመቱን ሙሉ በልክ ይለቀዋል። ለተርባይን ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻም እንዲሁ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ሜዳው ለሰፋፊ እርሻ ይታደል ጀመር። ለአፋሩ አርብቶ አደር ግን ያ ሙላት ጎርፍ ብቻ አልነበረም። ሜዳው ላይ ተንጣሎ ሲሸሽ የሚተወው እርጥበት የበጋ ሣር ነበር፤ ዝናብ ሲቀር ከብት የሚነዳው ወደዚያ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ ከመሸሻው ብዙው ታርሶ ነበር። ድርቁን ግድቡ አመጣው አልልም። የከብቱ ማለቅ ግን የሰማይ ሥራ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው ሳያውቅ በተቀበለው ነገር ይጠየቃል? እኔ የማንንም ሣር አልነጠቅሁም። ቆጣሪዬ ያነበበውን በየወሩ እከፍላለሁ። ግን የምከፍለው ለማን ነው? ሽቦውን ለዘረጋው እንጂ ሙላቱ ለቀረበት አይደለም። አንድ ወዳጄ ይህን ባነሳሁበት ጊዜ ተቆጣኝ። «መብራቱ ሆስፒታል ገብቷል፣ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የአገር ጥቅም የሁሉ ጥቅም ነው» አለ። አልተሳሳተም። ነገር ግን ጥቅሙን «የሁሉ» ሲል ወጪውን የከፈሉትን ስም አልጠራም፤ እኔም ብሆን የጠራኋቸው ቦይለሬ ከተበላሸ በኋላ ነው። አለማወቅ ለትናንቱ ይቅርታ ያሰጥ ይሆናል። ካወቁ በኋላ በዝምታ መታጠብ ግን ሌላ ነገር ነው። ቦይለሬን አጥፍቼ በቀዝቃዛ ልታጠብ አልልም፤ የእኔ መንቀጥቀጥ አንዲት ላም አያጠግብም። ሙላቱ የማን እንደነበር መናገር፣ ውሃው ሲከፋፈልም የታችኛው ሰው ተጠርቶ ይጠየቅ ማለት ግን ከእኔም አቅም በላይ አይደለም።

ለነገሩ የምናሞቀው ውሃ ራሱ፣ ከገፈርሳም ከለገዳዲም ከአቃቂ ጉድጓዶችም ቢመጣ፣ የዚያው የአዋሽ ተፋሰስ ውሃ ነው። ታጥበን የጣልነውም፣ ከፋብሪካው ዝቃጭ ጋር፣ ወደዚያው ይወርዳል። ከታች ያለው ሰው ደግሞ ይጠጣዋል።

ሠራተኛው በርሜሉን አለቅልቆ ነጩን እጣቢ ፍሳሹ ላይ ደፋው። ከዚያ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ። የሥራውን ዋጋ ቆጥሬ ሰጠሁት። ማታ ውሃው ሞቆ ጠበቀኝ።