ወፎቹ የመጡት ከትሉ በኋላ ነው

በል ቁጭ በል። ስልክህንም አትደብቀው፤ እናትህ «ልጄ ቀልቡ ተሰረቀ» ብላ ወደ እኔ ስትልክህ «ተቆጣልኝ» ማለቷ ነበር። ሳያዩ መቆጣት ግን የሽማግሌ ወግ አይደለም፤ ከአጠገብህ ተቀምጬ አየሁት። «ካርቱን» ስልህ «አኒሜ ነው አባባ» እያልክ አረምከኝ። እሺ፣ አኒሜ ይሁን። «ሪ-ዜሮ» ነው ያልከኝ፤ ጃፓኖቹ በፈረንጅ 2016 ያወጡት።

ሱባሩ የሚሉት ጎረምሳ ትምህርት ቤት መሄድ ትቶ ቤት የሚውል ነው። ከሱቅ ዕቃ ገዝቶ ሲወጣ ዓይኑን ቢያሽ ሌላ ዓለም ገበያ መሃል ቆሟል። ጀግና ነህ ተብሎ ሊሸለም ሲጠብቅ የሚገጥመው ፍራፍሬ ሻጭ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ሳንቲም እዚያ አገር አንዲት ፍሬ አይገዛም፤ ሰውዬው ባዶ እጁን መሆኑን ሲያውቅ ወዲያ ሂድልኝ አለው። እዚህ ላይ ስስቅ ምን አሳቀህ አልከኝ። ይህቺ ከተማችን ይፋግ እኮ የነጋዴ አገር ነበረች። ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚያልፈው መንገድ ላይ የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ የጻፉላት ገበያ! ገንዘቡ አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ነበር። አሞሌ አፋር በረሃ ላይ ሲቆረጥ ርካሽ ነው፤ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው በወጣ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ሟሙቶ ይቀራል። ስለዚህ ነጋዴ አገር ከመለወጡ በፊት የሚጠይቀው «እዚያ ምን ይገዛል?» ብሎ ነው። ያ ልጅ ይህን የሚጠይቅበት ፋታ እንኳ አላገኘም።

አንተ ግን ፋታ አለህ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላል ተረቱ። በእናንተ ጊዜ ተረቱ ተሸነፈ፤ የማታውቁት አገር በስልክ እየመጣ ሲያናፍቃችሁ ያድራል። አልፈርድብህም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልላችን ጦርነቱ ያደረገውን አብረን አየን፤ ደብተር ተይዞ የሚኬድበት መንገድ ሲዘጋ ልጅ የት ይሂድ? በሐሳቡ ይሄዳል።

ደግሞ ሳያስቡት ሌላ ዓለም መግባት ተረት ብቻ እንዳይመስልህ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ ሰሞን፣ ከዚያ አምባ ሁለት ልጆች ሳይጠየቁ በእንግሊዞች ወደ ሌላ ዓለም ተወሰዱ። አንዱ የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ነው፤ የሰባት ዓመት ሕፃን። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞቱበት። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፣ የመኳንንት ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ እሱ ግን ሊድስ በምትባል ከተማ በ18 ዓመቱ አረፈ። ዊንዘር ቤተ መንግሥት ቀበሩት። አጽሙን መልሱልን ስንል በ2023 በእነሱ አቆጣጠር እንኳ እንቢ አሉን።

ሁለተኛው ጎንደር የተወለደ ነው፤ የጎረቤት ልጅ በለው። ወርቅነህ እሸቴ ይባላል። ሦስት ወይ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። በግርግሩ ከወላጆቹ ተለይቶ ሲገኝ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ህንድ ይዞት ወረደ፤ ስሙም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ በ1882 በፈረንጅ ተመረቀ፤ ከኛ ሰው በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው። በርማ ድረስ ሄዶ ሠራ። ከአድዋ ድል በኋላ አገሬን ብሎ ሲመጣ አማርኛው ከአፉ ጠፍቷል፤ የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነው። አያቱ ግን ገላውን አይተው በልጅነት ጠባሳው ለዩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የምንለው ለቂም ነው፤ ያን ዕለት ጠባሳ ለዝምድና መሰከረ። ኋላ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ ጣልያን ሲወረን ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኖ ይሟገትልን የነበረው እሱ ነው።

ሁለቱን ሳስብ ዓለማየሁን የምወቅስ እንዳይመስልህ፤ ዕድሜ የነፈገውን ማን ይወቅሳል? የወርቅነህም ነገር ግማሹ ዕድል ነው። ግማሹ ግን ሙያው ነው። ቋንቋውን ረስቶ፣ ስሙን ለውጦ መጥቶ እንኳ አፄ ምኒልክ ፊት ባዶ እጁን አልቆመም።

ወደ ሱባሩህ ልመለስ። ተጨመረለት ያልከኝ ኃይል ሰይፍ ወይም ክንፍ ይሆናል ብዬ ነበር። ለካ ኃይሉ ሲሞት ወደ ኋላ መመለስ ነው! እኛ ከመሞት መሰንበት እንላለን፤ ይኸ ልጅ ሞቶ ይሰነብታል። ከሁሉ ደስ ያለኝ፣ መጀመሪያ ላይ በተመለሰ ቁጥር ዓይኑን የሚገልጠው ያው ፍራፍሬ ሻጭ ፊት ነው። ገበያው ያው፣ ሰውዬው ያው። የተለወጠው እሱ ብቻ፣ ባለፈው የገደለውን ነገር ማወቁ ብቻ። ጃፓኖቹ ይህን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ እኛ ዘንድ ግን ድሮ አለ።

ቅዱስ ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ የአጎቱ የአባ ጌዴዎን ዱላ ሲበዛበት ጠፍቶ ወጣ። ዛፍ ሥር ተጠልሎ አንዲት ትል ፍሬ ልትበላ ግንዱን ስትወጣ ተመለከተ። ወጣች፣ ወደቀች፤ ደግሞ ወጣች፣ ወደቀች፤ በሰባተኛው ደረሰች። ተነሥቶ ሄደ። የት? ወደዚያው ወደሸሸው ቤት፣ ወደዚያው መምህር። ሦስት ወፎች መጥተው ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም አወጡት፣ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ የበለጠ ሌላ ዓለም የት ይገኛል? እዚያው ልቅር ግን አላለም። የሰማውን ይዞ ወርዶ በግዕዝ፣ በዕዝል፣ በአራራይ አስተማረ፤ በዚሁ ሐይቃችን ጣና ቂርቆስ ላይ ተቀምጦ እንደነበርም አባቶች ይተርካሉ። እናንተ ልጆች ግን ትሉን ዘላችሁ ወፎቹን ትጠብቃላችሁ።

መሄድ ነውር ነው አልልህም። እኔም በአንተ ዕድሜ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ድጓ ፍለጋ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወጥቻለሁ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለህ ደጅ ስትቆም ጀርባህን ለአጥር ትሰጣለህ፣ ዱላህን ወደ ኋላ ታስጠጋለህ፤ ውሻ የሚመጣው ከተረከዝ በኩል ነው። ይህን ያስተማሩኝ ቀድመውኝ የወጡ ተማሪዎች ናቸው። እኔ ቤተልሔም እንደምሄድ ግን አገር ያውቅ ነበር፤ እናቴ ስንቄን ቆልታ ሰጥታኛለች።

አንተ የምትሄድበትን ማን ያውቃል? በመተማ በኩል አሻግርሃለሁ ያለህን ሰውዬ ማለቴ ነው። አትደንግጥ፤ ይፋግ ትንሽ ከተማ ናት። በፊልሙ ዓይን ሲጨፈን ነው የሚደረሰው። በመተማ በኩል ግን ዛሬ የተስማማህበት ብር በረሃው መሃል ሌላ ብር ይሆናል፤ ሊቢያ ታግቶ ቤተሰቡ በሬውን የሸጠለትን ልጅ አንተም ታውቀዋለህ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ አንተ እኮ ግንዱም የለህም። እዚያ ምን ይገዛል ብለህ ጠይቀሃል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ወደቅሁ ነው የምትለኝ። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 5.4 ብቻ ናቸው፤ አንተ የተገኘኸው ከብዙው ጋር ነው። በግል ተመዝገብ። ያው ፈተና፣ ያው ወንበር፤ ባለፈው የጣለህ ሒሳቡ መሆኑን ግን አሁን ታውቃለህ። እስከዚያው ወረታ ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሥራ፤ ብየዳውን ካወቅህ ያ ሙያ የትም አገር ይገዛል። ከዚያ በኋላ ፓስፖርት አውጥቼ በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ካልከኝ መራቂህ እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ሱባሩ ምሥጢሩን ለሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት ልቡን የሚጨብጥ ጥቁር እጅ ይመጣበታል፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው። አንተን ማን ጨበጠህ? ተነሥና ያ ሰውዬ ስንት ብር እንደጠየቀህ፣ መቼ ውጣ እንዳለህ ለእናትህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።