ቅጠሉ ስንት ነው?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገሬ ሰው። ፍንጣሪ ጭድ ላይ ሲያርፍ በእርጥብ ቅጠል መታ መታ ቢያደርጉት ይጠፋል፤ ከዘገዩ መንደሩ ሁሉ እንስራ ይዞ ቢመጣም አይመልሰው። ቃሉ አጭር ነው፣ ምላስ ላይ ይቀመጣል። አንድ ነገር ግን ሳይናገር ያልፋል፦ ቅጠሉ ከማን ደጅ ይሸመጠጣል?

የእህቴ ባል ከቢቸና ሞጣ የሚሠራበት ቶዮታ ሃይኤስ ባለ 3ኤል ናፍጣ ነው። ዕድሜው ከረዳቱ ይበልጣል። በገዛው በስምንተኛው ወር፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ግንደወይን ሲሄድ ሞተሩ «ቋ» ብሎ ጸጥ አለ። የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሷል። በዚህ ሞተር ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ቴስታታው መውረዱ ግድ ሆነ።

የሚያናድደው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚህ ቺንጋ ብቻ የተሰጠ መብራት አለ። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል። ተበላሸ ማለቱ ሳይሆን ቀጠሮው ደረሰ ማለቱ ነው። ቅጠል ብሎ ነገር እሱ ነበር! መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሲፈታው ግን አምፖሉ ከቦታው የለም። የቀድሞው ባለቤት አስነቅሎታል።

ሰውዬውን ረገምኩት። ኋላ ሳስበው ግን ምላሴን ሰበሰብኩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከሶማሌ ተራ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮት ወጣ። ቺንጋ ይቀየር ቢባል መኪናው ይቆማል፤ የቆመ መኪና ደግሞ እቁብ አይጥልም።

ይህን የአቅም ነገር ሞጣዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያለውን የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መሀሉን ሰበሩት፤ ከ60 ዓመት በላይም ሳይጠገን ኖሮ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። መንገደኛው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮለት፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። ተረቱ ጠፍቶት አልነበረም፤ ቅጠሉ ከገበሬ አቅም በላይ ሆኖበት እንጂ።

ደግሞ ሁሉ ጭስ እሳት አይደለም። ሞተሩ ተሠርቶ ወር ሳይሞላው የዘይት መብራት በራ። ሾፌራችን ወዲያው ዳር ይዞ አጠፋው፤ ደግ አደረገ። አንዱ ጋራዥ «ሞተር ይውረድ» አለ። እኛም ልንስማማ ምንም አልቀረን። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን ዘንጉን መዞ ዘይቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ የሴንሰሩን ሽቦ በጣቱ ነካ አደረገ፤ መብራቱ ጠፋ። ሽቦው ተልጦ ከብረቱ እየተገናኘ ኖሯል። በፕላስተር ጠቀለለልን። ያን ቀን ከ«ሳይቃጠል በቅጠል» ይልቅ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» በለጠብኝ።

ጥገናን አቅም አጥቶ ማዘግየት ይገባኛል፤ እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ። አምፖል ነቅሎ ለሌላ መሸጥ ግን ጭዱ ውስጥ ፍም ደብቆ ጎጆውን ማከራየት ነው፤ ያውም አሥራ ምናምን ሰው ለሚሳፈርበት።

ስለዚህ አሮጌ ሚኒባስ የምትገዙ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ዳሽቦርዱን እዩ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የቺንጋው መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። አንዱ ካልበራ፣ ዋጋ ሳትነጋገሩ ዳሽቦርዱን አስፈቱት።