የመንገድ ባልንጀርነት በተሳላሚው አምልኮ ውስጥ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ የሚባለው፣ ስለት ለማድረስ ወይም በረከት ለመቀበል ወደ ተቀደሰ ቦታ የሚሄድ ምእመን ነው። ለገና ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚጓዝ ተሳላሚ ብዙ ቀን በሚፈጀው መንገድ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይውላል፣ ያድራል፣ ስንቅ ይካፈላል፤ እንዲህ ያለው ባልንጀርነት ሐሳብን ከጸሎት የሚበትን እንቅፋት ነው ወይስ የአምልኮው አካል ነው የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል።

ቪክተርና ኤዲት ተርነር የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተጓዥ ከዕለት ኑሮው ሲወጣ ማዕረጉንም ትቶ ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንደሚዋሐድ ገልጸው፣ ይህን አንድነት ኮሙኒታስ ብለውታል፤ ጆን ኢድና ማይክል ሳልኖው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባዘጋጁት የጥናት ስብስብ፣ ተጓዦች ልዩነታቸውንና ክርክራቸውን ይዘው ወደ ቅዱሱ ቦታ እንደሚደርሱ አመልክተዋል። የኋለኞቹ የሰውን ጠባይ በሚገባ ተመልክተዋል፤ ሆኖም በላሊበላ መንገድ መተካከልን የሚያመጣው ጉዞው ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቀው ጾመ ነቢያት ሥጋን፣ ወተትንና ቅቤን ስለሚከለክል፣ ባለጸጋውም ድኻውም በሶ በጥብጠው፣ ቆሎ ቆርጥመው ይጓዛሉ፤ የባለጸጋው ስንቅ ቢበዛ እንኳ የሚበዛው ያው ቆሎ ነውና፣ ከማካፈል እጁን የሚይዘው ነገር ያንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጊዜን ማካፈል ነው። ጉልበቱ የጸና ተጓዥ ያረጁትን እናት ወይም እግሩ የቆሰለውን ጎልማሳ ለመጠበቅ እርምጃውን ሲቀንስ፣ ለበዓሉ ሳይደርስ የመቅረት ሥጋት ያድርበታል፤ የመጣበትን በረከት ለሌላው ሲል ለመተው የተዘጋጀ ሰው ግን ከአምልኮ አልራቀም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት በመንገድ ሳሉ አብሯቸው የሚጓዘውን አላወቁትም፤ ያወቁት አብሯቸው እንዲያድር ለምነው በማዕድ በተቀመጡ ጊዜ ነውና፣ ባይለምኑት ኖሮ ክርስቶስን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ባሳለፉት ነበር። የላሊበላ ነዋሪዎች ደክሞት የደረሰውን ተሳላሚ እግር የሚያጥቡበት ልማድም የቆመው መንገደኛን መቀበል ክርስቶስን መቀበል ነው በሚለው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

ይህ ባልንጀርነት በዓሉ ሲያበቃ ስለሚበተን ፍሬው ትንሽ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ አብረው የመጡት ወደየአገራቸው መመለሳቸው፣ ብዙዎቹም ዳግመኛ አለመተያየታቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን ከመለያየታቸው በፊት በጸሎት አስቡኝ ተባብለው የክርስትና ስማቸውን፣ ማለትም በጥምቀት ጊዜ የተሰጣቸውንና በጸሎት የሚጠሩበትን ስም የሚለዋወጡ አሉ፤ አንዱም የሌላውን ሥራና መኖሪያ ሳያውቅ ወለተ ማርያምን ወይም ገብረ ሚካኤልን በየዕለቱ ጸሎቱ ያስባል። የሚታሰበው ሰው ውለታውን የሚመልስበት መንገድ ስለሌለው፣ ይህ ጸሎት ብድር ከመጠበቅ የነጻ ነው።