ፍጹም ታዛዥ፦ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቀልድና ቁም ነገር

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅደም ተከተል የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ማሽኑ ትእዛዝ አይመርጥም፣ አያመነታም፣ አያኮርፍም። የተጻፈለትን ያደርጋል፤ ያልተጻፈለትን አይነካም። ከዚህ የበለጠ ታዛዥ በታሪክ ተገኝቶ አያውቅም። በዚህ ሙያ ውስጥ የሚያስቀው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ግን ከዚሁ ታዛዥነት ነው። ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲያነሡት የኖሩት ጥያቄም እዚያው ላይ ይገኛል፦ የተባለውን ሳያጓድል ፈጽሞ የታሰበውን ያበላሸ አገልጋይ ታዘዘ ይባላል ወይስ አልታዘዘም?

ሙያተኞቹ ጥያቄውን በአንድ የታወቀ ቀልድ ያስቀምጡታል። ሚስት ፕሮግራመር ባሏን «ሱቅ ሂድና አንድ ዳቦ ግዛ፤ እንቁላል ካለ ስድስት አምጣ» ትለዋለች። ሰውየው ስድስት ዳቦ ተሸክሞ ይመጣል። ምነው ሲባል «እንቁላል ነበራ!» ይላል። የዓረፍተ ነገሩን አገባብ ብቻ ለመረመረ ሰውየው አላጠፋም። ሱቅ የሚላክ ትንሽ ልጅ እንኳ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ሰው ትእዛዝን የሚሰማው ከአዛዡ ፍላጎት፣ ከቤቱ ልማድና ከዕለቱ ሁኔታ ጋር አዋሕዶ ነውና። ከሚነገረው ይልቅ ሳይነገር የሚታለፈው ይበዛል።

አርስቶትል ይህን ጉድለት በሕግ ላይ አይቶታል። በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል እንደሚያስረዳው፣ ሕግ የሚናገረው በጥቅሉ ስለሆነ ሕግ አውጪው ያላሰበው ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዳኛው ሕግ አውጪው በቦታው ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር አስቦ ጉድለቱን ይሞላል። ይህ ርትዕ ይባላል፤ ከተጻፈው ሕግም ይበልጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ፊደልንና መንፈስን ሲለይ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ፊደል ብቻውን ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆን ማየት የፈለገ ግን ኮምፒዩተርን ይመልከት። ኮምፒዩተር ርትዕ የሌለው ዳኛ ነው። ደግ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ «ምን ለማለት ፈልገው ይሆን?» የሚል ጥያቄ በውስጡ ስለሌለ ነው።

ነገሩ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት ተነሥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ አንዱ ከላይኛው ሌላው ከታችኛው ምክር ቤት፣ ስለ ስሌት ማሽኑ ያቀረቡለትን ጥያቄ ይተርካል፦ የተሳሳተ አኃዝ ቢገባበት ትክክለኛ መልስ ይወጣል ወይ? ባቤጅ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከምን ዓይነት የሐሳብ መደበላለቅ ሊመነጭ እንደሚችል አልገባኝም ይላል። እስከ ዛሬም እንደራሴዎቹ ይሳቅባቸዋል። ይሁን እንጂ የሚሳቅባቸውን ያህል ሞኞች አልነበሩም። በዘመናቸው ስሌት የሚሠራው ሰው ነበር፤ ጠንቃቃ የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ የማይመስል አኃዝ ሲደርሰው ብዕሩን አስቀምጦ ይጠይቃል። እነሱም የጠየቁት ማሽኑ ይህን ጠባይ ይዞ እንደሆነ ነው። አልያዘም። አዳ ላቭሌስ በ1843 ስለ ባቤጅ ማሽን በጻፈችው ማብራሪያ ማሽኑ ከራሱ ምንም እንደማያመነጭ፣ ማድረግ የሚችለውም እኛ እንዴት እንደምናዘው የምናውቀውን ብቻ እንደሆነ አስረድታለች። አባባሏ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የማሽኑን ወሰን ለማሳየት ነው። የከበደው ወሰን ግን በሰው በኩል ያለው ነው፤ አዛዡ ማዘዝ ያውቃል ወይ?

ለዚህ ከአሪያን 5 የተሻለ ምስክር አይገኝም። ይህ የአውሮፓ ሮኬት ጁን 4 ቀን 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰ። የበረራው ቅደም ተከተል በተጀመረ በ40 ሰከንድ ገደማ ከነጫናቸው አራት ሳተላይቶች አየር ላይ ፈነዳ። ምክንያቱ አንድ ቁጥር ነበር። በ64 ቢት የተያዘ የአግድም ፍጥነት መጠን 16 ቢት ብቻ ወደሚይዝ ቦታ እንዲገባ ታዘዘ። ያ ቦታ ከ32,767 የሚበልጥ ቁጥር አይችልም፤ የመጣው ቁጥር ግን በለጠ። ኮዱ የተጻፈው ለቀደመው ሮኬት ለአሪያን 4 ነው፤ እዚያም ያለ እንከን ሠርቷል። አዲሱ ሮኬት ከፊተኛው ይልቅ በአግድም ፈጥኖ እንደሚሄድ ለኮዱ የነገረው የለም። የሚገርመው ደግሞ ቁጥሩን የሚያሰላው ክፍል ሮኬቱ መሬት ላይ ሳለ ለዝግጅት ብቻ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። በአሪያን 5 ላይ ከተነሣ በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም፤ አቁም ስላልተባለ ግን መሥራቱን ቀጠለ።

መርማሪ ኮሚሽኑ እንዳረጋገጠው፣ መሐንዲሶቹ እንዲህ ያለ አደጋ ሊደርስባቸው የሚችሉ ሰባት ቁጥሮችን አስቀድመው ለይተው ነበር። ለአራቱ መከላከያ ተደረገላቸው። ሦስቱ ከልክ እንደማያልፉ ታምኖባቸው፣ የኮምፒዩተሩም ሥራ እንዳይበዛ ታስቦ፣ እንዲሁ ቀሩ። ሮኬቱን የጣለው ከሦስቱ አንዱ ነው። ተጠባባቂ ኮምፒዩተርም ነበር፤ ያንኑ ኮድ ስለያዘ በዚያው ምክንያት ከዋናው ቀድሞ ዘግቶ ነበር። ዋናው ደግሞ ከመዘጋቱ ጋር የብልሽት መልእክት ላከ። ሮኬቱን የሚመራው ኮምፒዩተር መልእክቱን የበረራ መረጃ ነው ብሎ ተቀብሎ የሞተሮቹን የጋዝ ማስወጫ አፍ በኃይል አጣመመው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ እምነት ነበር፦ ብልሽት የሚመጣው ከዕቃው ነው፤ ዕቃ ይሰበራል እንጂ የተጻፈ ቃል አይሳሳትም። ስለዚህ አንዱ ኮምፒዩተር ግራ ሲገባው ዘግቶ ለመንታ ወንድሙ ያስረክባል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ስለተማሩ ግራ የተጋቡትም አንድ ላይ ነው። በአደጋው ውስጥ ትእዛዙን ያልፈጸመ አንድም ክፍል አልነበረም።

ወደ ማርስ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር በሴፕቴምበር 1999 የጠፋችው ደግሞ በምድር ላይ የነበረ አንድ ፕሮግራም የግፊትን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ ሲያሰላ ተቀባዩ በሜትሪክ ስለጠበቀው ነው። ማሽን አኃዝ ያያል፤ የምን አኃዝ እንደሆነ ካልተነገረው አይጠይቅም። በአኃዝ በኩልም ቢሆን ሰውና ማሽን አንድ ነገር አያዩም። በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ። አንድ ሦስተኛ በአሥር ቤት ሲጻፍ 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም ማሽኑ በሚጠቀምበት በሁለት ቤት አያልቅምና ከአንድ ቦታ ላይ መቁረጥ ግድ ይለዋል።

የትእዛዝን ባሕርይ ከሙያው ውስጥ ሆነው ያፌዙበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ዶን ዉድስና ጄምስ ሊዮን፣ ኢንተርካል የሚባል የፌዝ ቋንቋ ፈጠሩ። በዚህ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው አንዳንዱን ትእዛዝ «እባክህ» ብሎ መጀመር አለበት። «እባክህ» ከትእዛዞቹ አንድ አምስተኛ በታች ከሆነ ማሽኑ ጸሐፊውን ባለጌ ብሎ ፕሮግራሙን አይቀበልም፤ ከአንድ ሦስተኛ ካለፈም ሽንገላ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ደንቡ በመጀመሪያው መመሪያ ላይ አልተጻፈም ነበር። «አንተ»ንና «እርስዎ»ን በግሥ ላይ እየለየ ላደገ አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አክብሮት ሲያንስም ሲበዛም ነገር እንደሚበላሽ፣ ልኩም የትም ተጽፎ እንደማይገኝ ያውቃል። የኢንተርካል ፌዝ ዒላማውን የሚመታው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽን ሰው ቢመስል ኖሮ በጽሑፍ የሌለ ደንብ ይኖረው ነበር።

ፕሮግራም ጸሐፊው ሳያስበው የሚጽፈው ደንብ ግን ፌዝ አይደለም። ብዙ የኮምፒዩተር ቅጾች «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ መተው የማይቻል ሣጥን አላቸው። ኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለውም። አሜሪካ የሚኖር የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መዝገብ ሲታይ አባት በአባቱ ስም፣ እናት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይገኛሉ፤ በማሽኑ ዓይን ሦስት የማይዛመዱ ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው ማለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ላለው ሰው ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ «ኤፍኤንዩ» የሚል የመጀመሪያ ስም ይሰጠዋል፤ «የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻረ ቃል ነው። ዓመት 12 ወር አለው ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም ጳጉሜን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። በእነዚህ ቅጾች ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ለማስቸገር ያሰበ ሰው የለም፤ ስለ እነሱ ያሰበ ሰውም የለም።

ታዲያ አዛዡ ይበልጥ ቢጠነቀቅ፣ ሁሉን ቢያስብ፣ ችግሩ ይወገዳል? እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1936 ካሳተመው ሥራ የሚገኘው መልስ አይወገድም የሚል ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ቢቀርብለት ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይስ ለዘላለም ይሽከረከራል የሚለውን ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር አይችልም። ይህ በችሎታ ማነስ የመጣ ሳይሆን በማስረጃ የተረጋገጠ ወሰን ነው። ስለ አንድ ፕሮግራም፣ ስለ ሌላም ፕሮግራም መልስ ይገኝ ይሆናል፤ ለሁሉም የሚሆን መልስ ግን የለም። እያንዳንዱን ቃል በገዛ እጁ የጻፈ ሰው እንኳ ያዘዘውን ነገር ሙሉ በሙሉ አውቃለሁ ሊል አይችልም። አስቀድሞ ማወቅንና ማዘዝን አንድ አድርጎ ለፈጣሪ የሚሰጠው የሃይማኖት ትምህርት፣ ቢያንስ ለፕሮግራመር እንደማይሠራ በሒሳብ ተረጋግጧል።

ስህተት ከተሠራ በኋላ የሚሆነው ደግሞ ከስህተቱ ይብሳል። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ሜክ የተባለውን መሣሪያ ሲሠራ፣ የትእዛዝ መስመር የሚጀምረው በታብ እንጂ በተራ ክፍት ቦታ እንዳይሆን አደረገ። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ጥፋቱ ሲታወቀው ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች፣ አብዛኞቹም ወዳጆቹ፣ ለምደውት ስለነበር እንዳያስቸግራቸው ብሎ ተወው። ዛሬም በመላው ዓለም ያሉ ፕሮግራመሮች በዚያው ታብ ይሰናከላሉ።

ኤክሴልም ኖሮ የማያውቅ ቀን ይዟል፦ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለ400 የማይካፈል የመቶ ዓመት መዝጊያ 366 ቀን አይኖረውም፤ 1900ም አልነበረውም። ከኤክሴል የቀደመው ሎተስ 1-2-3 ግን ይህን ዘሎት ነበር። ማይክሮሶፍት የሎተስ ሰነዶች በኤክሴል ያለ ችግር እንዲከፈቱ ብሎ ስህተቱን አውቆ ገለበጠው፤ አሁንም አልተነቀለም። (በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት ጳጉሜን ስድስት ለሚያደርገው ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የሎተስ ሕግ ያን ያህል የሚያስነውር አይደለም።)

ኤክሴል ሌላም ልማድ አለው፤ ቀን የሚመስል ነገር ሲጻፍለት ሳይጠይቅ ወደ ቀን ይለውጣል። የዘር ተመራማሪዎች ደግሞ «ማርች1» እና «ሴፕት1» በሚል ምሕጻር የሚጠሩ ጂኖች ነበሯቸው። ሰንጠረዥ ውስጥ ሲጻፉ የማርች አንድና የሴፕቴምበር አንድ ቀን እየሆኑ ለዓመታት የምርምር መረጃ አበላሹ። በመጨረሻ የሰው ጂኖችን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 ባወጣው መመሪያ ስሞቹን ለውጦ የመጀመሪያውን «ማርችኤፍ1»፣ ሁለተኛውን «ሴፕቲን1» አላቸው። ማይክሮሶፍት ያን ልማድ ማጥፋት የሚያስችል አማራጭ በኤክሴል ውስጥ ያወጣው በ2023 ነው። ጂኖቹ በአዲሱ ስማቸው ቀሩ።