የተመለሰ አይወቀስም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የማነሳው በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን ከደጃፍ የማይወጣ ጉዳይ ነው። ዳንግላ ውስጥ ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ አባት ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። ልጃቸው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ፣ «ሊገድሉኝ ነው» እያለ ሱቁን ዘግቶ ከርሞ ነበር። ሐኪም ቤት ተወስዶ መድኃኒት ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። አባትየው «ኡስታዝ፣ አሁን ቁርአን እየተቀራለት ነው፤ ክኒኑን ቢተወው ምን ይመስልዎታል?» አሉኝ። እኔም «አላህ ያውቃል» ብዬ አለፍኩ። ቃሉ እውነት ነው። እኔ ግን የተናገርኩት ከኃላፊነት ለመሸሽ ነበር። ዝምታዬን እንደ ፈቃድ ወሰዱት። ከወራት በኋላ ልጁን ጓዳ ውስጥ እግሩ ታስሮ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመስጠት ነው።

ወገኖቼ ሆይ! ያ ልጅ መድኃኒቱን የተወው ስለተሻለው ነው፤ የተሻለው ግን መድኃኒቱን በመውሰዱ ነበር። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ደህና ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ቢወስድ ማንም አይደነቅም። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን «እስከ መቼ?» እንላለን። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመጀመሪያው የስኪዞፍሬኒያ ሕመም ካገገሙት መካከል መድኃኒት ያቋረጡት ሕመሙ የሚመለስባቸው ዕድል በ5 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ሌላም ምክንያት አለ። እንደ ሃሎፐሪዶል ያሉት መድኃኒቶች ሰውነትን ያደርቃሉ፣ እጅን ያንቀጠቅጣሉ፤ ሌሎቹ ያስተኛሉ፣ ያወፍራሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በሽተኛውንም ሰነፍ አያሰኘውም። መፍትሔው ግን ለሐኪሙ መንገር እንጂ መጥፋት አይደለም፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱ ይለወጣል፣ ወይም በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለከበደው በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚወሰድ መርፌ አለ። የመንገዱም ነገር አለ። አማኑኤል ሆስፒታል የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረበት ዘመን ከአዊ አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ይል ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቅጣጫ አስያዘ። ይሁንና ዛሬም መድኃኒት ሲጠፋ ከኢንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ደግሞ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ቀጠሮ ያመለጠው ሁሉ ቸልተኛ አይደለም።

ታዲያ «ተወኩል» የሚሉት ምን ይላሉ? ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር አዘውታል። ስለ መታከም የጠየቋቸውንም የገጠር ዐረቦች እንዲታከሙ ነግረዋቸዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ጠይቀዋቸው ነበር፤ መልሳቸው ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ሕመሙ ቀደር ከሆነ መድኃኒቱስ ከማን መጣ?

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን አውቀው ሠርተውበታል። ሡልጣን ቀላውን በ1284 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ባሠሩት ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረ። አቡ ዘይድ አል-በልኺ (በ934 እ.ኤ.አ. የሞቱት) ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኛ ግን ሕመምተኛን ጓዳ ውስጥ አስረን «ጂን ነው» ብለን እንቀመጣለን! ሩቅያ አይደረግ ማለቴ አይደለም። ቁርአን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት። የሚቀራው ሰው ግን «ክኒኑን ጣል» ካለ ያላወቀውን ተናግሯል። በጋናና በናይጄሪያ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ፈዋሾች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተባብረው ሲሠሩ ሕሙማኑ የበለጠ እንደተሻላቸው በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። መስጂዱና ሐኪም ቤቱ ተቀናቃኞች አይደሉም።

ረመዷን ሲገባ በዝምታ መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። አላህ ለሕመምተኛ ፆምን አቅልሎለታል፤ የሚድነው በኋላ ያወጣል፣ የመዳን ተስፋ የሌለው ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። ብዙ መድኃኒቶች በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ሊወሰዱ ይችላሉ። እንደ ሊቲየም ያለው ግን ሰውነት ውኃ ሲያጣ በደም ውስጥ ስለሚበዛ አደገኛ ነው። ስለዚህ ወሩ ሳይገባ ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! «ይህን ያህል ጠፍቼ በምን ፊቴ እመለሳለሁ?» ትሉ ይሆናል። መቶ ጊዜ ሸርተት ብሎ መቶ ጊዜ የሚመለስን ባሪያ ጌታችን አያባርርም እያልን እንሰብካለን። ሕመም ኃጢአት አይደለም። በኃጢአት ለወደቀው በሩ ክፍት ከሆነ፣ ታሞ ለተዳከመው እንዴት ይዘጋል? የአዊ ፈረሰኛ ከፈረሱ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል እንጂ ወደቅሁ ብሎ ኮርቻውን አይሸጥም። ካርድህን፣ የቀረህንም የመድኃኒት ልጣጭ ይዘህ፣ የምታምነውን ሰው አስከትለህ ሂድ። ካርዱ ቢጠፋም ሂድ። መቼ እንዳቋረጥክና ለምን እንደተውክ ሳትደብቅ ተናገር፤ ጫት የምትቅም ከሆነም ንገር። የተረፈውን ክኒን ግን በራስህ ፈቃድ በድሮው መጠን አትጀምር።

ቤተሰቦች ሆይ፣ ሰንሰለቱን ፍቱ። የተመለሰውን አትውቀሱ፤ ለመሳፈሪያ አዋጡለት፣ ቀጠሮውን አስታውሱት። ራሱን ስለ ማጥፋት ከተናገረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ኢማሞችም ሆይ፣ የሚጠይቃችሁን አባት እንደ እኔ አትለፉት።

ያን ልጅ አባቱና እኔ ግራና ቀኝ ሆነን መልሰን ወሰድነው። ነርሷ ካርዱን አይታ «እንኳን መጣህ» ብቻ አለችው። እኔ ያን ቀን ከዐስር በኋላ ልለው ይገባኝ የነበረውን እሷ በሁለት ቃል ጨረሰችው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማር፣ እኛንም የተመለሰን የምንቀበል ያድርገን። አሚን።